አፈሩ የወደቀበት ወገን

እድላዊትና ዳዊ የተዋወቁት በጭቅጭቅ ነው። ሰንጋ ተራ ካርታና የሕንፃ ፕላን በምታትም ጠባብ ሱቅ ውስጥ፣ እሷ ከአየር ላይ የተነሳ ፎቶ ልታሳትም ገብታ ነበር። እሱ ፎቶውን ኮምፒውተሩ ላይ ከፍቶ ፈዝዞ ቀረ። ከኋላዋ ሰው ተሰልፏል።

«ወንድሜ፣ አትምልኝ ነው ያልኩህ፤ ማየቱን እኔው አየዋለሁ» አለችው።

«ይሄ እኮ የአባቴ አገር ነው» አለ ዓይኑን ሳይነቅል። «ይሄ ሰፊው የሣር መንገድ ጀፎረው ነው። ይሄ ደግሞ እንሰቱ። ይቺ ጥቁር መስመር የድሮ ጉድባ ናት፤ ለክረምት ስንሄድ እዚያ ውስጥ ነበር የምንደበቀው።»

«እኔም የመጣሁት በእሷ ምክንያት ነው» አለች እድላዊት፣ ቁጣዋ በርዶ።

ሥራዋ ይኸው ነበር። የድሮ ሰዎች የቆፈሩትን ጉድባና የከመሩትን አፈር ከፎቶ ላይ ትፈልጋለች፤ ከዚያ ቦታው ድረስ ሄዳ ማን፣ ለምን እንደቆፈረው ለማወቅ ትጥራለች። ይህን አብነት ሰፈር ላሉ ጎረቤቶቿ ማስረዳት ስለታከታት «መሬት ላይ ነው የምሠራው» ትላቸዋለች። እነሱም ካርታ የምታወጣላቸው መስሏቸው ያከብሯታል።

በሳምንቱ ዳዊ ጭማቂ ጋበዛት። ማን እንደቆፈረው በምን እንደምታውቅ ሲጠይቃት ጠረጴዛው ላይ ስኳር አፍስሳ በማንኪያዋ ጫፍ መሃሉን ሰነጠቀችው።

«ሰው ጠላት ፈርቶ ጉድባ ሲቆፍር አፈሩን ወደ ራሱ ወገን ነው የሚጥለው። ክምሩ ላይ ቆሞ ማዶ ማዶ ያያል። ስለዚህ ክምሩ ያለው በማን በኩል ነው ብለህ ትጠይቃለህ።»

«አንቺስ አፈርሽን ወዴት ነው የምትጥይው?»

«እኔ መች ቆፈርኩ?» አለች። ሳቀ፤ እሷም ሳቀች፤ ከዚያ ሁለቱም ስኳሩን ያዩ ጀመር።

ዓመት ሙሉ ተዋደዱ። ከሥራ በኋላ ከሰንጋ ተራ እስከ ልደታ በእግራቸው ይወርዳሉ፤ እሱ ሁልጊዜ በመኪናው መንገድ በኩል ይሆንና እሷን ወደ ግንቡ ያስጠጋታል። እድላዊት በዚህች ትንሽ ነገር ተሸነፈች። የሚጠብቃት ሰው ያገኘች መሰላት።

ነገር የመጣው ከአባቱ ነው። አቶ ደጉ ጠመንጃ ያዥ ሰፈር የብረታ ብረት ሱቅ አላቸው፤ ልባቸው ግን ከትውልድ መንደራቸው አልወጣም። እዚያ፣ ከጉድባው ማዶ ከሚኖሩት ባል የሞተባቸው ወይዘሮ ጠጅቱ ጋር በአንድ የግጦሽ መስክ ተጣልተዋል። የመንደሩ ሽማግሎች ነገሩን ሲያዩ ቆይተው፣ ጉድባውን የቆፈሩት የማን አያቶች እንደሆኑ ይታወቅ፤ መስኩም ለእነሱ ወገን ይሁን አሉ። አቶ ደጉም የልጃቸው ወዳጅ አፈር አንባቢ መሆኗን ሰምተው ነበርና እሷን ምስክር አድርገው አቀረቡ።

እድላዊት ከዳዊ ጋር ሄደች። ጉድባውን ከላይ እስከ ታች አየችው። የሚያጠራጥር ነገር አልነበረውም፤ ክምሩ በወይዘሮ ጠጅቱ በኩል እስከ ወገብ ድረስ ቆሟል፣ በአቶ ደጉ በኩል መሬቱ ልሙጥ ነው። የቆፈሩት የሴትዮዋ ወገኖች ናቸው።

ዳዊ ነገሩ ከፊቷ ገባው።

«እድሌ፣ አባቴ ይህን መስክ ካጣ ወደ እናትሽ ሽማግሌ አይልክም። በግልጽ ነግሮኛል።»

«ዋሺ ነው የምትለኝ?»

«እንጋባ ነው የምልሽ።»

እናቷ ወይዘሮ ፀሐይቱ ሽማግሌ ይመጣል ብለው መጋረጃ አጥበው፣ ከጎረቤት ወንበር ለምነው እየጠበቁ ነው። እድላዊት ይህንንም አሰበች። ከሁሉ በላይ ግን እሱን ማጣት ፈራች፤ እውነቱ ይኸው ነው።

በመንደሩ ደንብ በወሰን ነገር የሚመሰክር ሰው ከቦታው የአፈር ጓል አንስቶ፣ ትከሻው ላይ አድርጎ፣ ወሰኑን ከጫፍ ጫፍ ይሄድና በመሐላ ቃሉን ይሰጣል። እድላዊት እንዲህ ያለውን ነገር በሥራዋ ብዙ ጊዜ አይታለች፤ ደስ ትሰኝበትም ነበር። ጓሉን ስታነሳ አንድ ሽማግሌ ጠጋ ብለው «ልጄ፣ የምታደርጊውን ታውቂያለሽ?» አሏት።

«አውቃለሁ አባቴ» አለች።

ሄደች፤ ተመለሰች፤ ተናገረች። ክምሩ ድሮ በአቶ ደጉ በኩል እንደነበረ፣ በእርሻ ብዛት ተደልድሎ እንደጠፋ፣ አሁን ማዶ የሚታየው ጉድባው ሲጠረግ የወጣ ደለል እንደሆነ። ሌላ ቦታ ይህ በእርግጥ ያጋጥማል፤ ስለዚህ ውሸቱ አማረላት። ወይዘሮ ጠጅቱ ፊቷን ትክ ብለው አዩና «እሺ» ብቻ አሉ። ከዚያ ላማቸውን ከመስኩ እየነዱ ሄዱ።

አዲስ አበባ ሲመለሱ ሽማግሌ አልመጣም። ወንበሮቹ ወደ ጎረቤት ተመለሱ። ዳዊ መደወል ቀነሰ፣ ከዚያ ስልኳን ማንሳትም ተወ። በመጨረሻ ራሱ ደውሎ ልደታ ኮንዶሚኒየም ሥር ካለች ሻይ ቤት ቀጠራት።

«አባቴ እምቢ አለ» አላት ገና ሳትቀመጥ።

«መስኩን አገኙ አይደል?»

«አግኝቷል። ግን አፈር ተሸክሞ የዋሸ ሰው ቤት አይቆምለትም፣ ልጅ አያድግለትም ይባላል። እንዲህ ያለች ሴት ቤቴ አትገባም አለ።»

«ያስዋሹኝ እሳቸው ናቸው እኮ።»

«የተሸከምሽው ግን አንቺ ነሽ።»

እድላዊት የቀረበላትን ሻይ ወደ ጎን ገፋችው። አንድ ጥያቄ ከመንደሩ ከተመለሰች ጀምሮ ሲከነክናት ነበር።

«አባትህ ወንድሞች አሏቸው፤ አንተም አለህ። ለምን እኔ ተሸከምኩ?»

ዳዊ «አባቴ ሁሉንም ጠይቋል» አለ። «እሺ ያለው የለም።»

«አንተንስ?»

«እኔንም።»

«እና?»

«ፈራሁ።»

«ለእኔስ አልፈራህም?»

«አንቺ ከተሜ ነሽ። አይነካሽም ብዬ ነው።»

ያን ሁሉ መንገድ በመኪናው በኩል ሲሄድላት የነበረው ሰው ይህ ነው።

«አሁን አንተ በዚህ ታምናለህ?» አለችው።

«አላምንም» አለ። «ግን ልጅ ወልደን አንድ ቀን ቢያተኩሰው፣ ቀና ብዬ የማየው አንቺን ይመስለኛል።»

ሂሳብ ሳትከፍል ጥላው ወጣች።

በቀጣዩ ቅዳሜ ብቻዋን ወደ መንደሩ ሄደች። ሽማግሎቹን ሰብስባ፣ ወይዘሮ ጠጅቱ ባሉበት፣ መዋሸቷንና ለምን እንደዋሸች ተናገረች። ተቆጧት፤ ተመካከሩ፤ መስኩን ለሴትዮዋ መለሱ። ትከሻዋን በውኃ አጥበው ከመሐላው ፈቷት።

«ይቅር ይበሉኝ እማማ» አለች ጎንበስ ብላ።

«መስኩ ተመለሰ» አሉ ወይዘሮ ጠጅቱ። «የሚግጥበት ግን የለኝም። ላሜን ሸጬያታለሁ።»

እድላዊት አውቶቡስ ውስጥ ከተማ እስክትገባ አለቀሰች። ያለቀሰችው ለራሷ ብቻ አልነበረም።

ወሬው ከእሷ ቀድሞ ደርሶ ነበር። በማግስቱ፣ እሑድ ከሰዓት፣ ዳዊ አብነት ድረስ መጥቶ በራቸውን አንኳኳ። ከስቷል፤ ጺሙን አልተላጨም። ከፈተችለትና ደጃፉ ላይ ቆመች።

«ከመሐላው ፈቱሽ አሉኝ» አለ፣ ትንፋሹ ቁርጥ ቁርጥ እያለ። «በቃ፣ ነገሩ ቀረ እኮ። አባቴ ሊገድለኝ ነው፣ ይግደለኝ። ሽማግሌ እኔ ራሴ እልካለሁ። የፈለግሽው ቀን።»

ይህን ቃል ስንት ወር ጠብቃዋለች። ደረቱ ላይ ብትወድቅ ደስ ባላት፤ መውደዷ አንዲት ጠብታ አልጎደለም።

«እወድሃለሁ» አለችው።

«እና?»

«ልጃችን ቢያተኩሰው እኔም ቀና ብዬ የማየው አንተን ነው።»

ዳዊ አንገቱን ደፍቶ ወደ አስፋልቱ ሄደ። መንገዱን እስኪያቋርጥ ድረስ አየችውና በሩን ዘጋች።

«ማነው የመጣው?» አሉ እናቷ ከውስጥ። ድምፃቸው ውስጥ አሁንም ተስፋ ነበረበት።

«በር ተሳስቶ ነው እማዬ» አለች።