የዶን አኒባል ምርጥ ዙር

ዶን አኒባል ፔራልታ የሞቱት መሪ ጨብጠው ነው። መኪናው ግን ጎማም ሞተርም የለውም፤ አንድ ወንበር፣ አንድ መሪ፣ ፔዳሎችና ስክሪን ብቻ። የሳንታ ፌ ሰው «ቆሞ የሚሮጥ» ይለዋል። የመኪና ውድድር ክለቡ አሰልጣኝ ዶን አኒባል በዚህ ማሽን ላይ፣ የጆሮ ማዳመጫው ገመድ አንገታቸው ላይ ተጠምጥሞ ተገኙ።

ኮሚሳር ኔሊዳ ኡራንጋ ከጥርስ ሐኪም ወንበር ተነስታ ነው የመጣችው። ግማሽ ፊቷ ደንዝዟል። ሬሳውን ስታይ ሌላው ግማሽም ብዙ የተሰማው ነገር አልነበረም።

«ያለቀለት ጉዳይ ነው፣ አለቃዬ» አላት ሳጅኑ። «ገዳይዋ ልጃቸው ግራሲዬላ ናት። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ማቴ ሻይ አፍልታላቸው እዚህ ክፍል ገባች፤ እስከ ሩብ አልወጣችም። የክለቡ ካፌ ስክሪን ደግሞ ዶን አኒባል እስከ አሥራ አንድ ከአምስት ሲነዱ አሳይቷል። ሰው ሁሉ አይቷል። አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ የአቃቤ ሕግ መኪና መጥታ ትወስዳታለች።»

ግራሲዬላ ካቴና የገባባቸውን እጆቿን ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀምጣለች።

«ምነው አልጮህሽም?»

«ቀዝቅዞ ነበር። ለምን እጣደፋለሁ? አጠገቡ ተቀመጥኩ።»

«ስክሪኑስ?»

«ጠፍቶ ነበር። ጥቁር።»

ሳጅኑ ሳቀ። «የቀዘቀዘ ሰው በጠፋ ማሽን ሲነዳ።»

«ዝም በል» አለች ኔሊዳ፤ ከደነዘዘው ከንፈሯ «ጅም በል» ሆኖ ወጣ። ጎንበስ ብላ የሟቹን ግራ ቁርጭምጭሚት ነካች። እንደ እንጨት ደርቋል። «ይሄ እግር ምን ሆኖ ነው?»

«የድሮ ግጭት» አለች ግራሲዬላ። «ብረት አለበት፤ አይታጠፍም። ፍሬኑንም ነዳጁንም በቀኙ ነበር የሚረግጠው።»

የክለቡ ሊቀመንበር ኦቶ ዌርኒኬ ከሰዓቱን ሙሉ በሠላሳ ሰው ፊት ሥጋ ሲጠብስ ውሏል፤ ሸሚዙ ራሱ ምስክር ነው።

«ጠላት ነበራቸው?» አለችው።

«ተማሪያቸውን ፋቢያንን ዛሬ ጠዋት ከነገው የፍጻሜ ውድድር አወጡት። ዘጠኝ ተኩል ላይ ሊለምናቸው ገብቶ ነበር።»

«ለምን አወጡት? ቀርፋፋ ነው?»

«ኧረ ይፈጥናል። መኪናውን ግን አይቆጣጠረውም። ፍሬኑን እንደ ጋለ ድስት ነው የሚለቀው ይሉት ነበር።»

ፋቢያን ሌስካኖ የሚኖረው ሁለት መንገድ አልፎ ነው፤ የራሱ ማሽን አለው። ፀጉሩን አበጥሮ መጣ።

«ስወጣ ደህና ነበሩ። ቤቴ ገብቼ ተኛሁ። ደግሞ እስከ አሥራ አንድ ሲነዱ ከተማው ሁሉ አይቷል አይደል?»

«ተኝተህ በምን አወቅክ?»

«ነገሩኛ፣ ኮሚሳር።»

አሥራ ሁለት ሊሆን ሩብ ሲቀረው ኔሊዳ ሁሉንም ካፌ ሰበሰበች። ስክሪኑ ላይ በዶን አኒባል ስም የተመዘገቡ ቀይና አረንጓዴ መስመሮች አስወጣች።

«ቀዩ ፍሬን ነው፤ አረንጓዴው ነዳጅ። ይሄ ዶን አኒባል ትናንት የነዱት ነው። ቀዩ ሳያልቅ አረንጓዴው አይጀምርም፤ አንድ እግር ሁለት ፔዳል በአንዴ አይረግጥማ። ይሄ ደግሞ የዛሬው። ሁለቱ ተደራርበዋል። የነዳው ሰው ሁለት ደህና እግር አለው።»

«ስሙ ግን የሳቸው ነው» አለ ኦቶ።

«የይለፍ ቃላቸውን እንዳይረሱት ግድግዳ ላይ ለጥፈውታል። ተማሪዎቻቸው ሁሉ ያውቁታል። አንዱ ከቤቱ ሆኖ በስማቸው ገባ። ስክሪኑ የሚያሳየው ስም ነው፣ ሰው አይደለም። የዚህ ክፍል ማሽን ጠፍቶ ነበር፤ ግራሲዬላ እውነቷን ነው። አባቷ የመጀመሪያው ዙር ሳይጀመር ሞተዋል።»

ኔሊዳ የማይሰማውን ጉንጯን አሸች።

«ገዳዩ እንደ ሽማግሌ ቀስ ብሎ ሃያ ዙር ቢዞር በቂው ነበር። አልቻለም። እያንዳንዱ ዙር ካለፈው ይፈጥናል፤ የመጨረሻው ዶን አኒባል በዕድሜያቸው ካስመዘገቡት በሁለት አሥረኛ ሴኮንድ ይሻላል። ሦስተኛው ኩርባ ላይ ደግሞ ቀዩን እዩት፤ ገደል ነው የገባው። እንደ ጋለ ድስት። ለነገሩ ልጁ መኪና አያውቅም። የመኪናው ኋላ ሸርተት ብሎበት ነው፤ ሰዓቱ የመጣው በዕድል ነው።»

«ዕድል አይደለም» አለ ፋቢያን። «ሆን ብዬ ነው ያንሸራተትኩት። አፍንጫው ቶሎ እንዲዞር…»

ቀሪውን ዋጠው። ኦቶ የያዘውን ሹካ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። ሳጅኑ የግራሲዬላን ካቴና ፈትቶ ወደ ፋቢያን እጅ አዛወረው። ፋቢያን አልታገለም፤ ፊቱም አልተለወጠም። በር ላይ ሲደርስ ዞር አለ።

«ዶን ኦቶ፣ ዙሩ ይሰረዛል?»

ኦቶ ጉሮሮውን ጠረገ። «ደንቡ… በሌላ ሰው ስም የተነዳ ይሰረዛል። ካመለከትክ ግን ወደ ነጂው ስም…»

«አይነካ» አለች ግራሲዬላ የእጇን አንጓ እያሸች። «በአባቴ ስም ይቆይ።»

ፋቢያን ያን ጊዜ አለቀሰ።