በክር የታሰረችው ዶቃ

ሐጅ መትወሊ ሞተው የተገኙት የሕንፃው መንወር ወለል ላይ ነው፤ የወጥ ቤት መስኮቶች በሚከፈቱበት በዚያ ጠባብ የብርሃን ጉድጓድ፣ በሽንኩርት ከረጢትና በተሰበረ የልብስ መስቀያ መሃል። ቀኝ እጃቸው ፒንሳ ጨብጧል። ከበላያቸው፣ ከአራተኛ ፎቅ መስኮታቸው ወደ ጎረቤቶች የተዘረጉት የኢንተርኔት ገመዶች ባሕሩ በሚልከው ነፋስ ይወዛወዛሉ። አንድም የተቆረጠ የለም።

የፖሊስ መርማሪው ሻለቃ ዙህዲ አጠገባቸው ቁጢጥ ብሎ ጣቶቻቸውን አየ። ዙህዲ ከተራ ወታደርነት የተነሣ ሰው ነው። ሥራ ያስለመዳቸው ልጆች ወረቀታቸውን ይዘው አለቆቹ ሆነዋል፤ እሱ እስክንድርያ ውስጥ ሊፍቱ የተበላሸበት ሕንፃ ባለ ቁጥር ይላካል።

«ማን ነው ቀድሞ የደረሰ?»

«እኔ ነኝ፣ ባሻ» አለ ሹክሪ፤ እዚያ አገር የፖሊስ አለቃ ሁሉ «ባሻ» ይባላል። የሟቹ የወንድም ልጅ ነው፤ አባቱ ሲሞት ሐጁ ወስደው አሳድገውታል። ማዕዘኑ ላይ ጌም ቤት አለው። የሕንፃውን ገመድ የዘረጋው እሱ ስለሆነ ሰው ሁሉ «ኢንጂነር» ይለዋል፤ ዲግሪውን ያየ ግን የለም። «ከመንገድ እየገባሁ ነበር። ድብ ሲል ሰማሁና ሮጥኩ። ከዚያ ጮህኩ።»

«ነካሃቸው?»

«እኔም አልነካሁም፣ ሌላም ሰው አልቀረበም። በሩ ላይ ቆሜ ከለከልኩ።»

«ጥሩ አድርገሃል» አለ ዙህዲ፤ ፒንሳውን እንደገና አየው።

ነገሩን ሕንፃው በሙሉ ያውቀዋል፤ ሁሉም ኢንተርኔት የሚካፈለው ከሐጁ አንድ መስመር ነው። የሐጁ አንድያ ልጅ ሳሚሕ ጅዳ ውስጥ ሆስፒታል ተኝቶ ሳለ በቪዲዮ ደወለ። ፊቱ ስክሪኑ ላይ ደርቆ ቀረ፤ ድምፁም ተቆራረጠና ጠፋ። በማግስቱ መርዶው መጣ። ሐጁ ሹክሪን ጠርተው መስመሩ ምን ሆኖ እንደሆነ ጠየቁት። እሱም ከፊት ለፊት በር ያለችው ነጃት፣ ባሏ የሞተባት ልብስ ሰፊ፣ ልጆቿ ቀኑን ሙሉ ካርቱን እያወረዱ ኢንተርኔቱን እንደጨረሱት ነገራቸው። ሐጁ ደጇ ላይ ቆመው፣ ጎረቤት ሁሉ እየሰማ፣ የልጄን የመጨረሻ ፊት ሰርቀሽኛል አሏት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ፒንሳው የወጥ ቤታቸው መስኮት ላይ ተቀምጧል፤ ገመዷን እቆርጣለሁ እያሉ። ግን ሳይቆርጡ ሰነበቱ።

አሁን ሰው ለሁለት ተከፍሏል። ግማሹ ሊቆርጡ ተንጠራርተው ወደቁ ይላል። ግማሹ ነጃት ገፋቻቸው ይላል፤ ከሰዓት በኋላ ከቤታቸው ስትወጣ ታይታለችና። ወታደር በሯ ላይ ቆሟል። ሁለቱ ልጆቿ ከትምህርት ቤት ሲመለሱ እናታቸውን ማግኘት አለማግኘታቸው በዙህዲ እጅ ነው ያለው።

መጀመሪያ ያነጋገረው ሁለተኛ ፎቅ ያሉትን ኡስታዝ ዋሒድን ነው፤ ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው። ለሻለቃው ወንበር ሳያቀርቡ እሳቸው ተቀመጡ። የተማረ ሰው ቤት እንዲህ ነው። ከማስተምርበት ቀና ባልኩ ጊዜ፣ የአራተኛውን ፎቅ ደጅ በመስኮቴ አሻግሬ ነጃትን ያየኋት እኔ ነኝ አሉ፤ አንድ ነገር በፌስታል ይዛ ገብታ ባዶ እጇን ወጣች። እሳቸው ግን ለተማሪዎቻቸው በኢንተርኔት የሒሳብ ትምህርት እየሰጡ ነበር፤ ጩኸቱ እስኪሰማ ድረስ ተማሪዎቹ ሁሉ ያዩአቸው ነበር።

«ኢንተርኔቱ ታዲያ አላስቸገረዎትም?»

«ዛሬስ የጉድ ነው። ወሩን ሙሉ በየደቂቃው እየጣለኝ ሲያሰድበኝ ከርሞ፣ ዛሬ ከትምህርቱ እኩሌታ በኋላ እንደ ውኃ ወረደ።»

ዙህዲ በቅጡ ሳያመሰግን ወጣ።

ነጃት ስፌት መኪናዋ አጠገብ ቆማ ጠበቀችው። ሹክሪም በሩን ተደግፎ ቆሟል፤ ሂድ ያለው ሰው አልነበረም።

«ባሻ፣ እኔ ልጣላ አልሄድኩም» አለች። «ከድሮ ቤቴ ያመጣሁት ራውተር ነበረኝ። በሌብነት ስሜ ከሚነሣ ሞክሬ ልይ ብዬ ገባሁ። የሁላችንንም ገመድ ነቀልኩ፤ የራሴንም። የሳቸው ብቻ ቀረ። ያው ነው፣ ይጎተታል። አዩ ሐጅ፣ እኛ አይደለንም አልኳቸው። ከዚያ የሳቸውን ራውተር አንሥቼ የኔን ተካሁ፤ የመስመሩን የሚስጥር ቁጥር እሳቸው ነገሩኝ። ኢንተርኔቱ በፍጥነት ሄደ። የሁሉንም ገመድ መልሼ ሰካሁ፤ አሁንም ሄደ።»

«ከዚያስ?»

«ሳሚሕ የላከው ቪዲዮ ነበር። ከሞተ ጀምሮ አልከፈት ብሎ ይሽከረከር ነበር። ተከፈተላቸው።» መኪናዋ ላይ ያለውን ጨርቅ አጠፈች። «መሬት ላይ ተቀመጡ። በድዬሻለሁ ልጄ፣ ይቅር በይኝ አሉኝ። ብቻቸውን ያልቅሱ ብዬ ወጣሁ።»

ሹክሪ ሳቀ። «አጎቴ ይቅርታ ጠየቁ ከምትይ፣ ባሕሩ ደረቀ በይ፤ እሱን አምንሻለሁ።»

ዙህዲ ሁለቱንም እዚያው ትቷቸው ወደ ሐጁ ቤት ተሻገረ።

ሳሎኑ ውስጥ፣ ዳንቴሉ ተገልጦ፣ አንድ ነጭ ራውተር አረንጓዴ መብራቱን ያበራል። አጠገቡ የሐጁ ስልክ አለ። ዙህዲ መጨረሻ የተደወለለትን ስም አየና ስልኩን መልሶ አስቀመጠ። ወጥ ቤት ገባ። ከመስኮቱ ሥር ባለው ጠረጴዛ ላይ ጥቁር ራውተር አለ፤ ጎኑ በሙቀት ቀልጦ ተጣምሟል። በላዩ የዓይን ዶቃ በጥቁር ክር ታስራለች፤ ሰማያዊ ናት፣ ጠርዟ ተሸርፏል። ፒንሳው የነበረበት፣ አቧራ ያልነካው ባዶ ቦታ መስኮቱ ላይ ቀርቷል።

የሟቹ ባለቤት ሲት ኢንሳፍ ከእኅታቸው ቤት ተጠርተው ደረሱ። ለሳሚሕ አርባ ምግብ ሲያሰናዱ ነበር። ዓይናቸውን ሞራ ስለጋረደው የሚያዩት በጣታቸው ነው። ዙህዲ ጥቁሩን ራውተር እጃቸው ላይ አደረገላቸው።

«ዶቃዬ ናት» አሉ እየዳሰሱ። «ሳሚሕ ራውተሩን ገዝቶ ሲልክልን ከሰው ዓይን ይጠብቀው ብዬ ነው። ግን ምነው ክር? እኔኮ በማስቲሽ ነው የለጠፍኳት። ጣቴ አብሮ ተጣብቆ ሐጁ ሲስቁብኝ ነበር።»

ዙህዲ ወታደሩን ወደ ጌም ቤቱ ላከውና ሁሉንም ሳሎኑ ውስጥ ሰበሰበ።

ኡስታዝ ዋሒድ ጥሩውን ወንበር ያዙ። ነጃት በሩ አጠገብ ቆመች፤ ማንም ተቀመጪ አላላትም። ሻለቃው ከኩሽናው ዱካ አምጥቶ አስቀመጠላት።

«ከፒንሳው እንጀምር» አለ። «ከፎቅ የሚወድቅ ሰው የያዘውን ይለቅና አየር ይጨብጣል። ሐጁ ወለሉ ላይ ደርሰው ፒንሳ ጨብጠው ተገኙ። ከወደቁ በኋላ ነው እጃቸው ላይ የተቀመጠው። ያስቀመጠውም ሰው ሊቆርጡ ሲሉ ወደቁ እንዲባል ፈልጓል። ግን ዛሬ የሚቆርጡበት ምክንያት አልነበራቸውም። ኡስታዝ፣ ኢንተርኔቱ እንደ ውኃ ወረደ አላሉኝም?»

«ብያለሁ።»

«የወረደው ነጃት የራሷን ራውተር ስለሰካች ነው፤ ይኸው እየሠራ ነው። ጥፋቱ ከጎረቤት እንዳልሆነ ሐጁ አይተዋል። ስለዚህ ፒንሳውን ያስቀመጠው ሰው ዛሬ ሳሎን ያልገባ፣ ነጃት ሌላ ራውተር መስካቷን ያላወቀ ሰው ነው። ነጃት ታውቃለች፤ የፈታችው እሷ ናት። እሷ ብትሆን ይህን ውሸት አትመርጥም። ኡስታዝ በተማሪዎቻቸው ፊት ነበሩ። ሬሳው አጠገብ የደረሰው ደግሞ አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ራሱ ነግሮኛል።»

ሹክሪ ከግድግዳው ተላቀቀ። «እኔ ከመንገድ እየገባሁ ነበር አልኩ እኮ።»

«ብለሃል። ሐጁ መጨረሻ የደወሉት ላንተ እንደሆነ ግን አላልከኝም። ለምን ጠሩህ?»

ሹክሪ ወደ በሩ ተመለከተ። በዚያው ቅጽበት ወታደሩ አንድ ጥቁር ራውተር ይዞ ገባ። ዙህዲ ተቀብሎ ለሲት ኢንሳፍ ሰጣቸው። አሮጊቷ ክዳኑን ዳሰሱ። የደረቀ ማስቲሽ ክብ ሆኖ ቀርቷል፤ መሃሉ ላይ አንዲት ሰማያዊ ስባሪ ተጣብቃለች። ዙህዲ ዶቃዋን ከክሩ ፈትቶ ስባሪዋ ላይ ገጠማት። ልክ ገባች።

«ሳሚሕ ለአባቱ የላከውን ወስደህ ልጆች የኳስ ጌም ይጫወቱበት ዘንድ ጌም ቤትህ ሰካኸው» አለ። «እዚህ ተመሳሳይ መልክ ያለው ውዳቂ አስቀመጥክ። አክስትህ በጣታቸው እንደሚፈልጓት ስለምታውቅ ዶቃዋን ፈንቅለህ አመጣሃት። ሐጁ ዛሬ የተበላሸውን አንሥተው ክሩን አዩ። ኩሽና ውስጥ ምን አሉህ?»



«በአርባው ላይ፣ ሰው በተሰበሰበበት እናገራለሁ አሉኝ» አለ ሹክሪ መሬት መሬት እያየ። «ልጄ ሲሞት ፊቱን የቀማኸኝ አንተ ነህ፣ ሴትዮዋን ግን ሌባ አስባልከኝ አሉኝ። እያሳደጉኝ እንኳ በዚያ ዓይን አይተውኝ አያውቁም። መስኮቱ ክፍት ነበር። ዓይናቸውን እንዲያነሡልኝ ብቻ ነው የገፋኋቸው።»

ኡስታዝ ዋሒድ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ። 

ሲት ኢንሳፍ ራውተሩን ጉልበታቸው ላይ እንደያዙ ነበር። «ይኼ እዚህ ቢሆን ኖሮ፣ ልጄን እስከ መጨረሻው እሰማው ነበር?» ብለው ጠየቁ። የጠየቁት ሹክሪን ነው። ወታደሩ ክንዱን ይዞ ሲወስደው ጥያቄው እዚያው ቀረ።

የነጃት ልጆች ቦርሳቸውን እንዳነገቱ ደረጃው ላይ ቆመው ነበር። ወደ ቤት ግቡ፣ መጣሁ አለቻቸው። ከዚያ የሐጁን ስልክ አነሣችና አሮጊቷ አጠገብ መሬት ላይ ተቀመጠች። ሲት ኢንሳፍ ምን እንደሆነ ሳይነገራቸው ገባቸው። ስልኩን ጆሮአቸው ላይ አስጠጉ።

የሳሚሕ ቪዲዮ ሳይሽከረከር ተከፈተ። በትንፋሽ መሃል የሚቆራረጥ የወጣት ድምፅ መጣ፤ አሁን ያቆራረጠው መስመሩ አይደለም።

«እማ፣ ይሰማሻል?»

«ይሰማኛል» አሉ ሲት ኢንሳፍ።