ሳሎናችን ውስጥ ማንም አይንበረከክም

«ጸጥታ፣ ልንቀርጽ ነው» የሚል ድምፅ ከሳሎን ሲመጣ የቀደዳ እናት ማማሰያዋን አየር ላይ እንደያዘች ደርቃ ቀረች። ታናሽ ወንድሟ ያላመጠውን ዳቦ ጉንጩ ውስጥ አቆየው። ፍሪጁ ድምፁ ይረብሻል ተብሎ ከጠዋት ጀምሮ ተነቅሏል፤ ውስጡ ያለው ወተትም ተስፋ ቆርጦ መርጋት ጀምሯል። ቤታቸው ለቴሌቪዥን ድራማ ቀረጻ ከተከራየ ወዲህ ሳሎኑ የሌላ ቤተሰብ ሆኗል። ዋናው ቤተሰብ ጓዳ ገብቶ፣ እንደተደበቀ ሌባ ትንፋሹን ውጦ ይኖራል።

ቀደዳ ግን ጆሮዋን በሩ ላይ ለጥፋለች።

ቀደዳ ያሏት የክፍሏ ልጆች ናቸው፤ ስሙም ዝም ብሎ አልወጣላትም። አንድ ቀን አርፍዳ ገብታ «መንገድ ላይ አንዲት ንብ አበባ የት እንደሚገኝ ጠየቀችኝ፤ እንግዳ ናት ብዬ እስከዚያ ሸኘኋት» ብላ መምህሩን አስቃ የተረፈች ልጅ ናት። የቀረጻው ሰዎች በመጡ ዕለትም የቤቱ ጣሪያ በነፋስ በርሮ ሄዶ፣ አገር ለአገር ዞሮ ሲሰለቸው በራሱ ፈቃድ ተመልሶ እንደተከደነ አስረድታቸዋለች። መብራት ሠራተኛው ግማሹን ሳያምን አልቀረም፤ ነፋስ በነፈሰ ቁጥር ቀና ይላል።

ዛሬ ግን ከበሩ ኋላ ሆና የምትጠብቀው የምሯን የሠራችውን ሥራ ነው።

ባለፈው ሳምንት ልምምዱን ሰምታ ነበር። በድራማው ውስጥ አባትየው ልጁን ከትምህርት ቤት አስወጥቶ አጎቷ ሱቅ ሊያስገባት ወስኗል። ልጅቷ ደግሞ ምንም ሳታጠፋ ተንበርክካ «አባቴ ሆይ፣ በደሌን ይቅር በለኝ» ትላለች።

«ምን በድላ ነው?» አለች ቀደዳ ያን ቀን። «ደሞ አባቷን ‹ሆይ› የምትል ልጅ የት አለች?»

«ተያቸው፣ ድራማ ነው» አለቻት እናቷ።

ቀደዳን ተይ ማለት እሳት ላይ ጋዝ ማርከፍከፍ ነው። ትዕይንቱን እንደገና ጻፈችው፤ በትምህርት ቤቱ ኮምፒውተር ተይባ አተመችው። ዛሬ ጠዋት ሠራተኞቹ ዕቃ ሲያወርዱ፣ ተዋናዮቹ ሲኳኳሉ፣ ጠረጴዛው ላይ ከተቆለሉት ቅጂዎች ሁሉ ያን ገጽ እየመዘዘች የራሷን ሰካችበት። ተዋናዮቹም «ተሻሽሎ መጣ» ብለው አጠኑት።

ከበሩ ወዲያ አባትየው ይናገራል፣ ይቆጣል፣ ይመክራል። ልጅቷ ዝም ብላ ሸሚዙን ትተኩሳለች። የካውያው እንፋሎት ሲተነፍስ ይሰማል። በመጨረሻ ሸሚዙን ዘረጋችለት።

«ደርሷል። ልበሰውና ሂድ፣ ለአጎቴ ንገረው። እኔ ነገ ፈተና አለብኝ።»

 ዳይሬክተሯ «ካት» ማለቱን ረሳች። ቀደዳ ጆሮዋን በሩ ላይ ይበልጥ ለጠፈች። እሷ የጻፈችውን ሌላ ሰው ተናገረው፤ ያውም በሳሎናቸው፣ ያውም ማንም ሳይስቅ።

«ጋሼ፣ ይቺን ከየት አመጣሃት?» አለች ዳይሬክተሯ ደራሲውን።

ቀደዳ በቁልፉ ቀዳዳ አየች። ደራሲው መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ ገጹን ያያል። ገለበጠው፣ መልሶ ገለበጠው። የማያውቀው ልጅ እንደተሰጠው ሰው ግራ ገባው። ከዚያ ቀና ብሎ፣ «እንዲሁ . . . መጣልኝ» አለ።

«መጣልኝ?» አለች ቀደዳ።

እናቷ በቀሚሷ ጎትታ ከበሩ አላቀቀቻት። «ድምፅሽን። ተጣልተው ቢሄዱስ? ሌላ ሳሎን ሞልቷል። እኛ ግን ሌላ ተከራይ የለንም።»

ከሰዓት በኋላ ቀደዳ ልብስ ስታሰጣ ደራሲው ጓሮ መጣ። ካልሲዎቹን እየሸሸ አጠገቧ ቆመ።

«ያቺ ገጽ ያንቺ ናት አይደል?»

«የትኛዋ?»

«አትቀልጂ። ቀለሙ እንደ ፈተና ወረቀት የደበዘዘ ነው። እኔም ተማሪ ነበርኩ።»

ቀደዳ አንሶላውን ጨመቀች። ሱሪው ላይ ቢንጠባጠብበትም አልቆመችም።

«ስሚኝ፣ ጎበዝ ነሽ» አለ ጎንበስ ብሎ። «ስጀምር እኔም ለሰው ነበር የምጽፈው። ሥራው እንዲህ ነው የሚለመደው። ቀጣዩን ጻፊና ጠረጴዛው ላይ አስቀምጪው። እኔ አልጠይቅም፣ አንቺም አትናገሪ። ቃልሽ በቴሌቪዥን ይሰማል። ምን ቀረሽ?»

«ስሜ።»

«ባንቺ ዕድሜ ስም ምን ይሠራልሻል?»

«ጋሼ፣ በእርስዎ ዕድሜስ ምን ይሠራልዎታል?»

ሳቁ አመለጠው፤ ወዲያው መለሰው። «እሺ፣ ተናገሪ። ማን ያምንሻል? ያ መብራት ሠራተኛ እስካሁን ጣሪያ ጣሪያ ነው የሚያየው።»

ይሄ ነገር ዘልቆ ገባ። ትምህርት ቤት እግሯን ያመማት ዕለት እንኳ ጓደኞቿ «አቦ አትቅደጂ» ብለው እግር ኳስ አጫውተዋታል። ውሸቷን ሁሉ በደስታ የሰማት ሰው፣ እውነቷን ለመስማት ጊዜ የለውም።

ያም ሆኖ ጻፈች። ጓሮ ደረጃው ላይ ቁጭ ብላ፣ ወንድሟን አጠገቧ አድርጋ።

«አሁን ይምታት» አለ ወንድሟ።

«አይመታትም።»

«ታዲያ ምን ይሆናል? ድራማ አይደል?»

«አባትየው በማግስቱ የአጎቷ ሱቅ በር ድረስ ሄዶ፣ ስለ እሷ ሳይናገር ማታ ይመለሳል። ገብቶ ሸሚዙን ሲያወልቅ፣ ‹ፈተናው እንዴት ነበር?› ይላታል።»

ወንድሟ አሰበ። «ይሄ ከመምታት ይከብዳል» አለ።

በማግስቱ ተዋናዮቹ ለአፍታ ከሳሎኑ ወጡ። ቅጂዎቹ ጠረጴዛው ላይ ተቆልለዋል። ደራሲው መስኮቱ ጋ ቆሞ ነበር፤ ስትገባ ሲያያት ፊቱን ወደ ውጭ አዞረላት። ቦታ ሰጣት። ቀደዳ ገጹን ቁልሉ ላይ አስቀመጠችው። ነገ ካሜራ ፊት ይነገራል፤ ማንም አይጣላም፣ ማንም አይስቅባትም፣ ቤቱም እንደተከራየ ይቆያል። ጥሩ ነገር ነው። እጇን ግን ከወረቀቱ ላይ ማንሳት አቃታት።

አነሳችው፤ ከነወረቀቱ።

ተዋናዮቹ ለንባብ ጠረጴዛውን ሲከቡ ጓዳ ገብታ አንድ ወንበር አነሳች። እናቷ እጅጌዋን ያዘቻት።

«ወዴት ነው?»

«ሳሎን። የኛ አይደል እንዴ?»

እናቷ ወረቀቱን አየች፤ እሷን አየች። «ትናንት እኔም እየሰማሁ ነበር» አለች ቀስ ብላ። «ሸሚዙን ስትሰጠው . . . ማማሰያዬ ከእጄ ሊወድቅ ነበር።» ብዙ ልትናገር የፈለገች ትመስላለች። እጅጌውን ለቀቀችው።

ሳሎኑ ውስጥ ያሉት ሁሉ ወንበር ታቅፋ ስትመጣ ዞረው አዩ።

«ምን ፈለግሽ የኔ ቆንጆ?» አለች ዳይሬክተሯ።

«ቀጣዩን ትዕይንት አምጥቼ ነው። የጻፍኩት እኔ ነኝ። የሸሚዙንም እኔ ነኝ።»

አንዱ ሳቀ፣ ሌላውም ተከተለው። መብራት ሠራተኛው ከመሰላሉ ላይ ሆኖ፣ «ልክ እንደ ጣሪያው?» አለ።

«የጣሪያው ውሸት ነው» አለች። «ስለዚህ አንገትህን አሳርፈው። ይሄ ግን የኔ ነው።»

ደራሲው የእጁን ጣቶች ማየት ጀመረ። ዳይሬክተሯ አንዴ እሱን፣ አንዴ ልጅቷን አየች፤ ሳቁም ቀስ በቀስ ቆመ። ከዚያ እጇን ዘረጋች። «እስቲ ስጪኝ ልየው።»

ቀደዳ ወረቀቱን ደረቷ ላይ አጠፍ አደረገችው። 

«ራሴ ላንብበው።»

ማንም አልፈቀደላትም፣ ማንም አልከለከላትም። ወንበሯን በዳይሬክተሯና በደራሲው መሀል ገፋችው። ደራሲው አልተነሳም፤ እሷም አላቆመችም። የወንበሩ እግር የእሱን ወንበር እስኪነካ ድረስ ገፋችና ተቀመጠች።

መጀመሪያ ከገጹ አናት ላይ ያለውን ሙሉ ስሟን እስከ አያቷ አነበበች። ከዚያ ጉሮሮዋን ጠረገች።

«ሳሎን። ምሽት። አባትየው ሸሚዙን እንደለበሰ ይገባል።»