ንጹሕ ቅጂ

ትርሲት ሥራዋን የምትጀምረው ሁልጊዜ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ነው፤ መጀመሪያ ግን ዝም ብላ ትቀመጣለች። ጎፋ ካለ ሕንፃ አራተኛ ፎቅ ላይ የተከራየቻት ክፍል ግድግዳዋ በስፖንጅ፣ መስኮቷ በወፍራም ጥቁር መጋረጃ የተሸፈነ ነው፤ ጎፋ ግን በዚህ የሚታፈን ሰፈር አይደለም። ከታች ብረታ ብረት ቤቱ ውስጥ የብረት መቁረጫው ይጮኻል፣ የታክሲው ረዳት «ሳሪስ፣ ሳሪስ፣ አንድ ሰው!» ይላል፣ ቆራሌው እያዜመ ያልፋል፣ ጥጉ ላይ ያለችው አሮጌ ፍሪጅ ደግሞ እንደ ሰካራም ታንኮራፋለች። ትርሲት እነዚህን ሁሉ አንድ በአንድ ለይታ ከሰማች በኋላ ነው ጆሮዋ ለሥራ የሚነቃላት። ሌላው ሰው በሻይ ይነቃል፣ እሷ በብረት መቁረጫ።

ሥራዋ የድሮ ቅጂዎችን ከመጥፋት ማዳን ነው። ሻጋታ የበላቸውን፣ እርስ በርስ የተጣበቁትን የሪል ቴፕ ክሮች አድርቃ፣ አጫውታ፣ ወደ ኮምፒውተር ታስገባና ታጸዳቸዋለች። የዚያ ሳምንት ሥራ ግን ከሌላው ሁሉ ይለይባት ነበር። «የቄራ ልጆች» የሚባለው የራፕ ቡድን በዘጠና ዓመተ ምሕረት የቀዳው አልበም ማስተር፣ ዋናው ቅጂ ነው፤ ሂፕ ሆፕ በአማርኛ ሲባል ሰው በሚስቅበት ዘመን ሦስት ጎረምሶች ሰፋፊ ሱሪ ለብሰው የሠሩት አሥር ዘፈን። ካሴቱ ከእጅ ወደ እጅ ሲገለበጥ ኖሮ፣ ዛሬ ሰው እጅ ያለው ቅጂ ድምፁ ከጉድጓድ ውስጥ የሚወጣ ይመስላል። ዋናው ክር ጠፍቷል ሲባል ሃያ ምናምን ዓመት ካለፈ በኋላ፣ ያኔ የቀዳቸው የስቱዲዮው ባለቤት ጋሽ ወርቅነህ ከቁም ሣጥኑ ሥር አገኘውና አልበሙ እንደገና በሸክላ እንዲወጣ ተወሰነ።

የቡድኑ መሪ ደምሰው የትርሲት ታላቅ ወንድም ነው። ከሁለት ዓመት በፊት በጉሮሮ ካንሰር ማንቁርቱ ወጥቶ ድምፁ ጨርሶ ጠፋ። አንገቱ ላይ ባለችው ቀዳዳ ይተነፍሳል፣ እሷኑ በስካርፍ ይሸፍናታል፣ የሚፈልገውን በስልክ ይጽፋል። ያ ሰፈሩን ሙሉ ሲያስቅ የኖረ አፍ! ማስተሩ ተገኘ ሲባል የጻፈላት አንድ መስመር ብቻ ነበር፦ «ትርሲቴ፣ ድምፄን አንዴ ጥርት ብሎ ልስማው፤ ሌላ ምንም አልፈልግም።» እሷም ቃል ገባችለት።

ክሩን ሦስት ቀን ለስለስ ባለ ሙቀት አደረቀችው። እንዲህ ያለ ክር ከደረቀ በኋላ አንድ ጊዜ በደንብ ይጫወታል፤ ለሁለተኛው ማንም ዋስ አይሆንም። ማክሰኞ ትንፋሿን ውጣ አጫወተችው። ክሩ ከአንዱ ጥቅል ወደ ሌላው ሲጠመጠም ቡናማ ትቢያ እያራገፈ፣ ኮምጣጤና አሮጌ ሻማ የተቀላቀሉበት በሚመስል ሽታ ክፍሉን ሞላው፤ ከዚያ ከድምፅ ማጉያው ውስጥ የሃያ ሁለት ዓመቱ ደምሰው ወጣ።

«በቄራ በኩል ና፣ መንገዱ ጭቃ ነው፤
ጫማህን አውልቀው፣ ስምህን ግን ያዘው!»

ትርሲት ሳታፍር አለቀሰች። ድምፁ ላይ ግን ቆርቆሮ ላይ እንደሚወርድ ካፊያ የማያቋርጥ ሹሹታ ነበረበት፤ እሱን ማጽዳት የረቡዕ ሥራ ሆነ።

የማጽጃው አሠራር ቀላል ነው። ዘፋኙ አፉን ከመክፈቱ በፊት ካለው ዝምታ አንዲት ሰከንድ ትመረጥና ለኮምፒውተሩ «ቆሻሻ ማለት ይህ ነው» ይባላል፤ እሱም ያንን እያሳደደ ከዘፈኑ ሁሉ ያወጣዋል። ጥንቁቅ ባለሙያ ያቺን ሰከንድ ደጋግሞ ያዳምጣታል፤ የሚፈለግ ነገር ተደብቆባት እንደሆነ አብሮ ይሄዳልና። ትርሲት ይህን ለስንቱ አስተምራለች። ያን ቀን ግን ደምሰውና ጋሽ ወርቅነህ አሥር ሰዓት ላይ ሊሰሙ ይመጣሉ፤ ቸኮለች። ከመጀመሪያው ዘፈን ፊት ያለችውን ሰከንድ ሳታዳምጥ መረጠች፣ አሥሩንም ዘፈን ተራ አስያዘች፣ አስጀመረች።

የመጀመሪያው ዘፈን በግማሽ ሰዓት አለቀ። ስትሰማው ፀጉሯ ቆመ፤ ደምሰው ጎኗ ቆሞ የሚዘፍን ያህል ነበር፣ ምላሱ ጥርሱን ሲነካ እንኳ ይሰማል። በደስታ ተነሥታ ውኃ ልትጠጣ ፍሪጇን ስትከፍት እንደማታንኮራፋ አስተዋለች። መብራት ሄደ እንዳትል ውስጧ ይበራል። እጇን የፍሪጇ ጎን ላይ ብታደርግ እንደ ወትሮው ትንቀጠቀጣለች፣ ውኃውም ቀዝቃዛ ነው።

«እሰይ፣ ዳንሽ ማለት ነው» አለቻትና ወደ ወንበሯ ተመለሰች።

ሁለተኛው ዘፈን ሲያልቅ የብረት መቁረጫው ጸጥ ብሎ ነበር። ለምሳ ወጥተው ይሆናል ብላ መጋረጃውን ገለጥ ብታደርግ፣ ልጁ መነጽሩን አድርጎ ብረቱ ላይ ጎንበስ ብሏል፣ ብልጭታው እግሩ ሥር ይፈስሳል። ወደ መንገዱ ዞረች። የታክሲው ረዳት አንገቱን በመስኮት አውጥቶ አፉ ይከፈታል፣ ይዘጋል፤ «ሳሪስ» ማለቱ ከከንፈሩ ያስታውቃል። መስኮቱን እስከ መጨረሻው ከፈተችው። የናፍጣው ሽታ ገባ፣ ንፋሱ ገባ፣ አቧራው ገባ፤ ድምፅ ግን አልገባም።

ጆሮዬ ነው አለች። አፍንጫዋን ይዛ እፍ አለች፣ ራሷን ነቀነቀች፣ ነገ ሐኪም ጋ እሄዳለሁ ብላ ወሰነች። ሦስተኛውን ዘፈን ስትከፍት ግን ደምሰው እያንዳንዷን ፊደል እየቆረጠ ሲያወርዳት ምንም አላመለጣትም። አጨበጨበች፤ ጭብጨባዋ ከሌላ ክፍል እንደሚመጣ ሆኖ ደረሳት። አራተኛው ሲያልቅ ድጋሚ ብታጨበጭብ የተሰማት የመዳፏ ሕመም ብቻ ነበር።

ስድስተኛው ሊያልቅ ሲል ፈራች። ወለሉ ላይ ትራመዳለች፣ ኮቴ የላትም፤ ወንበሩን ትጎትታለች፣ እንደ ሐር ይንሸራተታል። ጣቷን «አቁም» የሚለው ቦታ ላይ አሳርፋ ሳለ ስልኳ በራ። ደምሰው ነው። «ሌሊቱን ሙሉ እንቅልፍ አልወሰደኝም። የመጨረሻዋን ዘፈን ደረስሽባት? እማዬን ያነሳሁባትን? እንደ ሕፃን እየሆንኩ ነው፣ አትሳቂብኝ።» ትርሲት መልእክቱን ሁለት ጊዜ አነበበችው። እማዬ የሞተችው እሱ ሆስፒታል ሳለ ነው፤ ለቀብሯ ከአልጋው ተነሥቶ ቢሄድም እዬዬ ለማለት እንኳ ድምፅ አልነበረውም። አራት ዘፈን ነው የቀረው፣ ይለቅ፣ ከዚያ ወዲያ የሚሆነው ይሁን አለች። ጣቷን አነሳች።

ሰባተኛው ሲጀምር፣ ጠዋት ማድረግ የነበረባትን አሁን አደረገች። ያቺን ሰከንድ አወጣቻት፣ ድምፁን እስከ ጣሪያው ከፍ አደረገችው፣ ማዳመጫውን ጆሮዋ ላይ አድርጋ ዓይኗን ጨፈነች። መጀመሪያ የክሩ ሹሹታ አለ። ከሹሹታው ሥር የስቱዲዮው አምፖል ዝዝታ። ከዚያ ሥር ደግሞ ትንፋሽ፤ ቀጭን፣ በታፈነ አፍንጫ የሚወጣ፣ ከወለሉ አጠገብ የሚመጣ የልጅ ትንፋሽ።

አልበሙ በተቀዳበት ቀን እናታቸው ለቅሶ ሄዳ ነበር። ደምሰው የስድስት ዓመት እህቱን ማን ላይ ይጣላት? ጉንፋኗን እንደያዘች ስቱዲዮ ወሰዳት፣ ጠረጴዛው ሥር ኩርምት አድርጎ አስቀመጣት፣ ከረሜላ ሰጣትና ቀረጻው እስኪያልቅ ድምፅሽን እንዳልሰማ አላት። እሷም ሁለት ሰዓት ሙሉ ምንጣፉን በጣቷ እየነካካች ትንፋሿን ስትቆጥብ ቆየች። ቆሻሻ ማለት ይህ ነው ብላ ለኮምፒውተሩ ያሳየችው ያንን ትንፋሽ ነው።

ተስፈንጥራ ማውሱን ያዘች። ቀስቷ ካለችበት ንቅንቅ አላለችም። የኪቦርዱን ቁልፎች ብትጫን ጣቷ ሥር አልወርድ አሉ፤ የኮምፒውተሩን የመብራት ገመድ በሁለት እጇ ብትጎትት ግድግዳ ላይ የተሳለ ይመስል አልተነቃነቀም። ክሩ ዘንድ ሮጠች። ሪሉ ላይ የተጠመጠመው ነገር ትቢያውን ጨርሶ አራግፎ፣ እንደ ፌስታል ነጭ ሆኖ፣ ወዲያ ማዶ ያለው ግድግዳ በውስጡ ይታያል። እንደገና የሚቀዳ ነገር የለም።

«ሰው የለም?» አለች። ጉሮሮዋ ተንቀጠቀጠ፣ አየሩ ወጣ፣ ድምፅ ግን አልነበረውም። ደምሰው ሁለት ዓመት ሙሉ የኖረበት ምን እንደሆነ ያኔ ገባት።

የበሩ እጀታ አልዞርላት አለ። በሩ ላይ ባለችው ጠባብ መስታወት በኩል የፎቁ የጽዳት ሠራተኛ ወይዘሮ አስካለ ባልዲዋን ይዛ ስትመጣ አየች፤ በጡጫዋ መታች፣ በእግሯ መታች። ወይዘሮ አስካለ ቀና አለች፣ ወደ መስታወቱ ቀረበች፣ በፊቷና በትርሲት ፊት መካከል አንድ ስንዝር ያህል ብቻ ቀረ፤ ሻሿን አስተካከለች፣ ከንፈሯን በምላሷ አራሰችና ባልዲዋን አንስታ ሄደች። ትርሲት ወለሉ ላይ ተቀመጠች። የክሩ ሽታ እንኳ አልቆ ነበር። ጥቁሩ መጋረጃ ተመልሶ ወድቋል፣ ክፍሉ ውስጥ የሚበራው ስክሪኑ ብቻ ነው፤ ስምንተኛው አለቀ፣ ዘጠነኛው አለቀ። በሕይወቷ እንዲህ ፈርታ አታውቅም።

አሥር ሰዓት ላይ በሩ ከውጭ ተከፈተ። ደምሰው ትርፍ ቁልፍ አለው። ከኋላው ጋሽ ወርቅነህ ከዘራውን ይዞ ገባ። ትርሲት ዘልላ ወንድሟን አቀፈችው፤ ሙቀቱ ተሰማት፣ የስካርፉ ሻካራነት ተሰማት፣ እሱ ግን በር ላይ ብርድ እንደገባበት ሰው ትከሻውን ሰበቅ አድርጎ አለፋት። ወንበሯ ላይ ተቀመጠ፣ ማውሱን ያዘ፣ ማውሱም ታዘዘለት። አሥረኛውን ዘፈን ከፈተው።

ድምፁ ክፍሉን ሞላው። ሹሹታ የለም፣ ጭረት የለም። ደምሰው ራሱን በሁለት እጁ ይዞ፣ እማዬ የሚለው ቦታ ሲደርስ ትከሻው እየተናጠ አለቀሰ። ትርሲትም ከእግሩ ሥር ተንበርክካ አብራው አለቀሰች፤ ቃሏን ጠብቃለች፣ ምንም ቢሆን ይህን ሰጥታዋለች።

ዘፈኑ ሲያልቅ የጋሽ ወርቅነህ ከንፈር ተንቀሳቀሰ። ትርሲት ምን እንዳለ አልሰማችም፤ ሽማግሌው ግን ግንባሩን ቋጥሮ፣ የጠፋበትን ነገር እንደሚፈልግ ሰው፣ መዳፉን ከወለሉ ወደ ላይ በትንሽ ልጅ ቁመት ያህል ዘርግቶ ጠረጴዛው ሥር አመለከተ። ደምሰው ሽማግሌው ወዳመለከተው ቦታ አየ። እንባውን ጠረገ፣ ስካርፉን በጣቱ ላላ አደረገ። ከሥሩ የታየው ቆዳ ድፍን ነበር፤ ቀዳዳዋ የለችም። አፉን ከፈተ፤ ከአፉም ያ የሃያ ሁለት ዓመት ድምፅ፣ ወፍራሙ፣ ሙቁ፣ ያለ አንዳች ጭረት ወጣ፤ ትርሲት በዓለም ላይ የቀራት ብቸኛ ድምፅ እሱ ነበርና ለአፍታ ሁሉን ረስታ በደስታ እጁን ጨበጠች።

«የለም ጋሽ ወርቅነህ፣ ተሳስተሃል» አለ ደምሰው በፍቅር እየሳቀ፤ «ያን ቀን ብቻዬን ነው የመጣሁት።»