ግራው ያንተ፣ ቀኙ የእኔ

ቅጣው ዓለም ከተማ የሄደው መርዶ ሊያረዳ ነበር።

ከሆስፒታል በወጣ በሳምንቱ፣ የትውልድ አገሩን ዘመሮን እንኳ ሳያይ፣ የጀማን ገደል እየተንገጫገጨ በሚያቋርጥ አሮጌ አውቶቡስ ተሳፍሮ ጥቅምት ውስጥ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ደረሰ። የያዘው አንድ ስም ብቻ ነው፤ ቄስ መርስዔ ኃዘን። የጦር ሜዳ ጓደኛው የባስልዮስ አባት ናቸው። ባስልዮስ ከሞተ ዓመት አልፎታል። መሞቱን በዓይኑ ያየ፣ ተርፎም ሊናገር የሚችል ሰው ቅጣው ብቻ ነበር።

ቤቱን ለማግኘት አልተቸገረም። ከቄሱ ግቢ ወደ መንገዱ የተከፈተች አንዲት ክፍል አለች፤ በሯ ላይ በቀይ ቀለም «ጌም ቤት» ተብሎ ተጽፏል። ውስጥ ሦስት ቴሌቪዥኖች ተደርድረዋል። በሁለቱ ተማሪዎች እየተጯጯሁ ኳስ ይጫወታሉ። በሦስተኛው ፊት አንዲት ወጣት ተቀምጣለች።

«ቤቶች» አለ ቅጣው።

«አለን፣ ግባ። ኳሱ ተይዟል። የቀረው ጦርነቱ ብቻ ነው» አለችው።

ቀና ስትል ቅንድቧ የባስልዮስ ነው። አገጯም የእሱ ነው። መንገዱን ሙሉ ሲያሰናዳው የመጣው ቃል ከአፉ ጠፋ። ደግሞስ መርዶ እንዲህ ነው የሚነገር? መርዶ በማለዳ ነው፤ ሽማግሌ ተሰብስቦ፣ ዘመድ ተጠርቶ ነው። ነገ፣ አለ በልቡ። ነገ በጠዋት።

ተቀመጠ።

ጨዋታው አገሩ በማይታወቅ ጥቅጥቅ ያለ ደን ውስጥ የሚካሄድ ውጊያ ነው። ዝናቡ አያባራም። ወታደሮቹ እስከ ጉልበታቸው ጭቃ ውስጥ ገብተው ይሄዳሉ፤ ከቅጠሉ ሥር ይተኮስባቸዋል፤ ሄሊኮፕተር ከላይ ያንዣብባል። ቅጣው ያደገው ሣር እንጂ ዛፍ በማይበዛበት በጓሳ ዳርቻ ነውና እንዲህ ያለ ጫካ አይቶ አያውቅም። የጥይቱን ድምፅ ግን ያውቀዋል።

ጆይስቲኩን አቀበለችው። በግራ እጁ ተቀበላት።

«በሁለት እጅ ነው የሚያዘው።»

ቀኝ እጁን ከኮቱ ኪስ አወጣ። ሦስቱ ጣቶች የሉም። ብዙ ሰው ይህን ሲያይ ወይ ዓይኑን ይሰብራል፣ ወይ ከንፈሩን ይመጥጣል። እሷ ሁለቱንም አላደረገችም። ዱካዋን ጎትታ አጠገቡ ተቀመጠችና የጆይስቲኩን አንድ ጎን ያዘች።

«ግራው ያንተ፣ ቀኙ የእኔ። አንተ ትሄዳለህ፣ እኔ እተኩሳለሁ።»

ገና አሥር እርምጃ ሳይሄዱ ወታደራቸው ተመታ። ቴሌቪዥኑ ዙሪያውን ቀላ።

«ሞተ?» አለ ቅጣው።

«አልሞተም። ከዛፉ ኋላ ትንሽ ካረፈ ይድናል።»

«እንዴት ብሎ?»

«እንዲሁ ነዋ። ጌም አይደል!» ብላ ሳቀች። «ወንድሜ ነው ያመጣው። ሳይጨርሰው ዘመተ። ሲመጣ ይጨርሰዋል ብዬ ነው ያላጠፋሁት።»

ትንሽ ካረፍክ ትድናለህ። ይህንኑ ቃል ቅጣው ራሱ ከአንድ ግራር ሥር ለባስልዮስ ብሎት ነበር።

ልጅቱ ገሊላ ትባላለች። አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሳ ፈተናው ሳይሳካላት ከቀረ ወዲህ ወንድሟ የተወላትን ክፍል ትጠብቃለች። ቄስ መርስዔ በቤታቸው ቀኑን ሙሉ ተኩስ መሰማቱን አይወዱትም፤ የልጃቸው እጅ ያለበት ስለሆነ ግን ዝም ብለዋል።

በማግስቱ ጠዋት ቅጣው ሽማግሌ ሊፈልግ ወጣ። ማንን ያውቃል? የባስልዮስ እናት ወይዘሮ አልጣሽ ወባ ይዟቸው ተኝተዋል አሉት። ይዳኑ እንጂ፣ አለ። ዳኑ። ከዚያ የግቢው እህል ሊወቃ ነው አሉ። ይወቃ፣ አለ። አንዳንዴ ምክንያቱ ከውጭ ይመጣ ነበር፤ ሲቸግረው ራሱ ይፈጥረዋል። እውነቱ ግን፣ ከሰዓት በኋላ በዚያች ዱካ ላይ ትከሻዋ ትከሻውን ሲነካ የሚያገኘውን ዕረፍት ከቆሰለ ጀምሮ የትም አላገኘውም ነበር። መናኸሪያው ውስጥ ተራ አስከባሪነት ተቀጠረ። የእድሩ ዳኛ ከሆኑት ከጋሽ ገብረየሱስ ግቢ አንዲት ክፍል ተከራየ። ጥቅምት አልፎ ኅዳር ገባ።

«ለምንድን ነው እንዲህ ቀስ የምትለው?» ትለዋለች ገሊላ። «ጫካው ሁሉ ወጥመድ ይመስልሃል።»

«ወጥመድ ነዋ።»

«እኔ እየጠበቅሁህ አይደል እንዴ?»

«አንቺ ሳታዪ ነው የምትተኩሺው።»

«እንዴት ብዬ ልይ? አንተን እያየሁ!»

ያለችውን ራሷ ሰምታ ደነገጠች። ተማሪዎቹ ወደ ኋላ ዞረው ሳቁ። ሁለቱ አልሳቁም። ወታደራቸው ጭቃው ውስጥ እንደቆመ፣ ማንም የማያንቀሳቅሰው ሆኖ ቆየ።

በኅዳር ጽዮን ወይዘሮ አልጣሽ ቅጣውን ወደ ቤት ጠሩት። ቄሱ ማዕዱን ባርከው ቆረሱለት። ግድግዳው ሥር ንጹሕ አንሶላ የተነጠፈበት አልጋ አለ፤ ማንም አይቀመጥበትም።

«ወታደር ነበርክ አሉኝ» አሉት ወይዘሮ አልጣሽ ጠላውን እየቀዱ። «ባስልዮስ መርስዔ የሚባል፣ ቀጠን ያለ፣ ሲስቅ አንገቱን ወደ ኋላ የሚጥል ልጅ አላጋጠመህም?»

ቄሱ ቀና አሉ። ገሊላም ትሪውን እንደያዘች ቆመች።

«ወታደሩ ብዙ ነው እናቴ» አለ ቅጣው። «አላጋጠመኝም።»

«እሱስ ልክ ነህ። ስንቱን ታውቀዋለህ። ብላ እንጂ ልጄ፣ ብላ።»

ቅጣው ጎረሰ። እስከዚያች ሰዓት ድረስ ያደረገው ማዘግየት ነበር። ከዚያች ሰዓት በኋላ ውሸታም ሆነ።

ከዚያ ወዲያ እንቅልፍ ራቀው። ቢሆንም ከሥራ ሲወጣ እግሩ ወደ ጌም ቤቱ ይወስደዋል። በሩ ላይ ሲደርስ «ዛሬ እነግራታለሁ» ይላል፤ እሷ ደግሞ ገና ስታየው ዱካውን በነጠላዋ ጫፍ ትጠርግለታለች።

የጥምቀት ሰሞን ተማሪዎቹ ወደ ባሕረ ጥምቀቱ ሄደው ክፍሏ ባዶ ሆና ሳለ አዲስ ምዕራፍ ላይ ደረሱ። ወታደሩ የቆሰለ ጓደኛውን ተሸክሞ ወንዝ መሻገር አለበት። ከኋላ ጠላት ይከተላል። የቆሰለው ሰው ጭንቅላት በተሸካሚው ትከሻ ላይ ይወዛወዛል፤ ያቃስታል።

ቅጣው አውራ ጣቱን አነሣ። ወታደሩ ውኃው መካከል ቆመ።

«ሂድ እንጂ!» አለች ገሊላ። «ደረሱብንኮ! ቅጣው! ሂድ!»

አልሄደም። እሷ ጥይቱ እስኪያልቅ ተኮሰች። ከዚያ ቴሌቪዥኑ ቀላ፤ ጠቆረ።

ዞር ብላ ስታየው ፊቱ በላብ ተዘፍቋል። አልጠየቀችውም። በነጠላዋ ግንባሩን ጠረገችለትና ጉዳተኛ እጁን አንሥታ ጉልበቷ ላይ አኖረችው። እንዲህ ስታደርግ የመጀመሪያዋ ነበር። ውጭ የሆታው ድምፅ ከሩቅ ይሰማል።

«ሽማግሌ ላክ» አለችው ብዙ ቆይታ፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «አባዬ እምቢ አይሉህም። እማዬማ እንደ ልጇ ነው የምታይህ። ብቻ ባስልዮስ እስኪመጣ እንጠብቃለን። እሱ በሌለበት አልዳርም ብያለሁ።»

ቅጣው በዚያች ቅጽበት ሊነግራት አፉን ከፈተ። እሷ ግን ፈገግ ብላ፣ መልሱን የሰማች ያህል፣ ተነሥታ መብራቱን አጠፋች።

ያለ ሽማግሌ ሌላ ወር አለፈ። ገሊላም ዝም ማለቱን እንደማይፈልጋት ቆጥራ ዓይኗን ትሰብርበት ጀመር። በየካቲት አጋማሽ አንድ ማለዳ ቅጣው የጋሽ ገብረየሱስን በር አንኳኳ።

«ሽማግሌ እንዲሆኑኝ ነው ጋሼ። ወደ ቄስ መርስዔ ቤት።»

«ጠርጥሬ ነበር» አሉ ሽማግሌው ደስ ብሏቸው። «ታዲያ የማን ልጅ ነው ልበላቸው? ወገንህ የት ነው? እዚህስ ምን አመጣህ?»

ውሸት ሰልችቶት ነበር። ሁሉንም ተናገረ። ባስልዮስን ተሸክሞ ስለሄደበት መንገድ፣ ስለ ግራሩ፣ ስለ ጣቶቹ፣ በጥቅምት ስለደረሰበት ቀን፣ በጽዮን ማዕድ ላይ ስላለው ቃል። ጋሽ ገብረየሱስ ሲሰሙት ቆይተው ጋቢያቸውን አፋቸው ላይ ጣል አደረጉ።

«ሽማግሌስ እሰበስብልሃለሁ» አሉት በመጨረሻ። «ግን ለየትኛው? ሁለቱን ባንድ አፍ አልናገርም።»

ቅጣው መሬት መሬቱን አየ።

«ለመርዶው» አለ። «አሁኑኑ።»

በማግስቱ ጎሕ ሲቀድ የእድሩ ሰዎች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ከቄሱ በር ቆሙ። ቅጣው ከሁሉም ኋላ ነበር። ቄስ መርስዔ በሩን ከፍተው የሰዉን ብዛት ሲያዩ እጃቸው መቀርቀሪያው ላይ ቀረ።

«እግዜር ያጥናችሁ» አሉ ጋሽ ገብረየሱስ።

የወይዘሮ አልጣሽ ጩኸት ከውስጥ ቀድሞ ወጣ። ስሙ ገና አልተጠራም፤ እሳቸው ግን የሚጠራው ስም አንድ ብቻ መሆኑን ያውቁ ነበር። ሴቶቹ ሮጠው ያዟቸው። ቄሱ ደጃፉ ላይ ተቀመጡ።

«መቼ ነው?» አሉ።

«ባለፈው ዓመት። በመስከረም ማርያም» አሉ ጋሽ ገብረየሱስ።

ቄሱ በጣታቸው ወራቱን ቆጠሩ። ደረታቸውን አልመቱም፤ አልጮሁም።

«በየቅዳሴው ስሙን ከሕያዋን ጋር ስጠራው ነበር» አሉ። «ከሕያዋን ጋር።»

ገሊላ ጸጉሯ እንደተፈታ በሕዝቡ መካከል ወጣች። የሚፈልግ ዓይኗ ቅጣውን አገኘው። መጀመሪያ ልታቅፈው፣ ደረቱ ላይ ልታለቅስ ነበር የመጣችው። ከዚያ ፊቱን አነበበች፤ ቆመች።

«ታውቅ ነበር?»

«አብሬው ነበርኩ።»

«ከመቼ ጀምሮ ልትነግረን ነበር?»

«ከመጣሁበት ቀን ጀምሮ።»

«ጥቅምት፣ ኅዳር፣ ታኅሣሥ፣ ጥር…» በእያንዳንዱ ወር ድምጿ እያነሰ ሄደ። «ስስቅ እያየኸኝ ነበር። ሲመጣ ይጨርሰዋል ስልህ፣ አጠገቤ ቁጭ ብለህ እየሰማኸኝ!»

ሴቶቹ ወሰዷት።

ፍትሐቱ የተደረገ ቀን ቅጣው ወደ ውስጥ መግባት አፍሮ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ሥር ቆመ። ጸሎቱ ሲያበቃ ቄስ መርስዔ መቋሚያቸውን ተደግፈው ወደ እሱ መጡ። በአንድ ሌሊት ጎብጠዋል።

«አፈር ለብሷል?» አሉት።

«ለብሷል አባቴ። በአንድ እጄ ነው የቆፈርኩት፤ ጥልቅ አይደለም። በላዩ ድንጋይ ከምሬበታለሁ።»

«ማን ጸለየለት?»

«እኔ ነኝ። አቡነ ዘበሰማያት ደገምኩለት። ሌላ አላውቅም ነበር።»



«ይበቃል» አሉ። መስቀላቸውን አውጥተው አሳለሙት። «ይቅር ብዬሃለሁ። እናቱን እኔ ይቅር በይው እላታለሁ። ልጄን ግን ላስገድዳት አልችልም፤ ይቅርታው የእሷ የራሷ ነው።»

አርባ ቀን ጠበቀ። ጌም ቤቱ ተዘጋ። ገሊላ ጥቁር ለብሳ ከቤት ወደ ቤተ ክርስቲያን፣ ከቤተ ክርስቲያን ወደ ቤት ስትሄድ ከሩቅ ያያታል፤ አያናግራትም። ከፋሲካ በኋላ ሻንጣውን ይዞ መናኸሪያ ሲቆም መጣች። ፊቷ ከስቷል።

«ልትሄድ ነው አሉኝ።»

«አዎ። ዘመሮ።»

«አልጠላሁህም ቅጣው። ልጠላህ ሞክሬ ነበር። እስኪሞት እንደተሸከምከው አባዬ ነግረውኛል፤ እግርህን ልስም ይገባኝ ነበር። ግን ካንተ ጋር በሳቅኩ ቁጥር ወንድሜ ሞቶ፣ እኔ ሳላውቅ የምስቅ ይመስለኛል። እንዲህ ሆኜ እንዴት ጎጆ ልውጣ?»

«አትችዪም» አለ።

«አልችልም።»

ሾፌሩ ክላክስ አደረገ። ሊላት የሚፈልገውን ሁሉ ትቶ «እወድሻለሁ» አላት። እስከዚያች ቀን ድረስ ብሏት አያውቅም ነበር።

«አውቃለሁ» አለች፤ እንባዋን ሳትጠርግ። «ስትዋሸኝ የነበረው በዚህ አልነበረም።»

አውቶቡሱ ወጣ። እሷ አቧራው እስኪረጋ ቆማ ነበር አሉ፤ እሱ ግን ዞሮ ለማየት አልደፈረም።

ዘመሮ ላይ ቅጣው ከእናቱ ጋር በግ ማርባት ያዘ። የአካባቢው ስልክ ለወራት ተቋርጦ ከረመ። መስመሩ በተለቀቀ በሦስተኛው ቀን፣ እሁድ ከቅዳሴ መልስ፣ በማያውቀው ቁጥር ተደወለለት። አነሣው። የሰው ትንፋሽ ብቻ ይሰማል።

«ገሊላ?»

የቤተ ክርስቲያን ደወል ከእሷ ዘንድ ይሰማል።

«እዚያ ብርድ ነው?» አለችው በመጨረሻ።

«በጣም ነው።»

«እንግዲያው ደህና አድርገህ ልበስ» አለችው።

ስልኩን አልዘጋችውም። እሱም አልዘጋውም።