ዓርብ ያልመጣው ሳንባ

ሲስተር ጀማነሽ ዓርብ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ በድመቶቹ ክፍል ወለል ላይ ወድቀው ተገኙ። ጤና ጣቢያ ሲደርሱ ትንፋሽ ነበራቸው፤ ሐኪሙ ጣታቸውን ወግቶ ስኳራቸውን ሲለካ ግን ማሽኑ ላይ የወጣው ቁጥር አሥራ አራት ብቻ ነበር። ግሉኮሱ ገብቶ ሳያልቅ፣ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ አንዲት ቃል ሳይተነፍሱ አረፉ።

ዓመቱ 2002፣ ወሩ መጋቢት፣ ዕለቱም የዐቢይ ጾም ዓርብ ነበርና ካዛንቺስ በአንድ ድምፅ ፈረደ። የስኳር ሕመምተኛዋ ሴትዮ ኢንሱሊን ተወግተው ጾሙ፣ አለቀ። ታናሽ ወንድማቸው አጥናፉ ብቻ አልተስማማም። ፖሊስ ጣቢያ ሄዶ፣ «እህቴን የገደለቻት አብራት የምትኖረው ማሚት ናት፤ መርፌውን የምታቀብላት እሷ ናት» ብሎ አመለከተ። ጉዳዩ ኢንስፔክተር ደብሪቱ ካሳይ እጅ የገባው እንዲህ ነው። ደብሪቱ ድመት አትወድም፤ ታስነጥሳታለች። መሀረቧን አፍንጫዋ ላይ አድርጋ ግቢው ስትደርስ የዚያው ዓርብ ፀሐይ ልትጠልቅ ነበር።

ግራና ቀኙ ፈርሶ ግቢው ብቻውን ቆሟል። መብራት ከተቆረጠበት ወር አልፎታል። ሰፈር ለልማት ሲፈርስ ሰው ምትክ ቤቱን ተቀብሎ ይሄዳል፣ ድመቱን ግን ይተዋል። ጡረታ የወጡት ነርስ ደግሞ የተተወውን እየሰበሰቡ አሳዳጊ ይፈልጉ ነበር። ሠላሳ የሚሆኑ ጤነኛ ድመቶች ቤት አግኝተዋል። የቀሩት ሦስቱ፣ ባሻ፣ ዳማና ሻሽ፣ እንደ ሲስተር ራሳቸው ስኳር አለባቸው። ጠዋትና ማታ መርፌ የሚፈልግ ድመት ማን ይወስዳል? «እነዚህ ቤት ሳያገኙ ከዚህ ንቅንቅ አልልም» ብለው ነበር ሲስተር። ምትክ ቤቱን መረከቢያው ቀን ሊያልፍ ደግሞ አምስት ቀን ብቻ ቀርቶታል።

የእህታቸው ልጅ ማሚት ወሎ ሰፈር ዳቦ ቤት ነው የምትሠራው። ዓይኖቿ አብጠው በሩ ላይ ቆማለች።

«እትዬ አልጾሙም፤» አለች። «ማለቴ፣ የንስሐ አባታቸው አምና ነው የከለከሏቸው። ሰው ፊት መብላት ግን ያፍሩ ነበር፤ እዚህ ከድመቶቹ ጋር ዘግተው ነው ቁርሳቸውን የሚበሉት።»

ደብሪቱ መስኮቱ ሥር ያለውን ሳህን አየችው። ቅንጬ ተበልቶበት ደርቋል።

«ጠዋት ስንት ሰዓት ወጣሽ?»

«አሥራ አንድ ተኩል። ስመለስ ወድቀው... ድመቶቹም አጠገባቸው ተኝተው።»

«ድመቶቹ ተወግተው ነበር?»

«አልተወጉም። ሳህናቸውን ምግብ አልነካውም ነበር። ካልበሉ አይወጉም፤ በቃ፣ የእትዬ ሕግ ነው። ባዶ ሆዳቸውን ከተወጉ ይሞታሉ።»

ወለሉ ላይ ባለ ቀይ ክዳን መርፌ፣ አጠገቡም ሲስተር በየቀኑ የሚጽፉበት ደብተር ነበር። ደብሪቱ የዓርቡን ገጽ አነበበች። «የእኔ ጠርሙስ ባዶ ነው። ፈሶ ይሆን? ትርፉን ጠርሙስ ረቡዕ ለላንቻዋ ሴትዮ ሰጥቻታለሁ። እስኪገዛ ከድመቶቹ ጠርሙስ፣ በቀዩ መርፌ፣ ሃያ አራት።» ሁለት ጊዜ አነበበችው።

ቀና ስትል ማሚት ጥግ ላይ ካለው ገንቦ አንድ ትንሽ ጠርሙስ አውጥታለች። ገንቦው እርጥብ አሸዋ ሞልቶታል፤ መብራት በሌለበት ቤት የመድኃኒቱ ፍሪጅ እሱ ነው።

«ምን ልታደርጊ ነው?»

«አሁን እንቁላል አብልቻቸዋለሁ። ልወጋቸው ነው።»

ደብሪቱ ጠርሙሱን ከእጇ ወሰደችው። «ከዚህ ማንም አይወጋም። የእንስሳት ሐኪማቸው አዲስ ታምጣ።»

«እኔን ካሰሩኝስ? ከእኔ ሌላ ማን ይወጋቸዋል?» ማሚት ማልቀስ ጀመረች። «በሁለት ቀን ያልቃሉ እኮ!»

«እስከ ማክሰኞ አትታሰሪም፤» አለች ደብሪቱ። ጠርሙሱን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

አጥናፉ በማግስቱ ደረቱን ነፍቶ መጣ።

«አዎ፣ ድመቶቹን በመርዝ እፈጃቸዋለሁ ብያለሁ! ሰፈሩ በሙሉ ሰምቷል። ለድመት ሲባል ቤቱ ያምልጠን?»

«መርፌ መውጋት ትችላለህ?» ደብሪቱ ክዳኑን ነቅላ መርፌውን ወደ እሱ ዘረጋችው።

አጥናፉ ፊቱ አመድ መሰለ፤ ወደ ግድግዳው ዞረ። «ያንሱልኝ... በእመቤቴ፣ ያንሱልኝ።»

ደብሪቱ ሳቋን በመሀረቡ ሸፈነችው።

ቀጥሎ የመጡት መምህር ወልደአማኑኤል ናቸው፤ ሠላሳ ዓመት ሒሳብ ያስተማሩ፣ ሚስታቸው የሞቱባቸው፣ ሸሚዛቸው እስከ አንገቱ የተቆለፈ አዛውንት። ቤታቸው ፈርሶ ከላንቻ አለፍ ብሎ ኮንዶሚኒየም ከገቡ ሁለት ወር ሆኗቸዋል። ባሻን ሊወስዱ ሲስተር ለአሳዳጊ ሁሉ የሚሰጡትን የሰባት ቀን የመርፌ ልምምድ ጨርሰዋል። ለድመቶቹም በየጠዋቱ ከቄራ ሳንባ የሚያመጡት እሳቸው ናቸው።

«ለሲስተር የደረሳት ቤት ከእኔ ጎን ነው፤» አሉ። «ዝግ በር ነው በየቀኑ የማየው። ሰው ቢኖርበት ብዬ...»

«ዓርብ ሳንባውን ለምን አላመጡም?»

«ጾም አይደል ልጄ፣ ሥጋ ቤቱ ዝግ ነው።» ሊወጡ ከተነሡ በኋላ ዞር አሉ። «ገንቦውን እኔ ቤት ልውሰደው? መድኃኒቱ እንዳይበላሽ።»

«ይቆይ፤» አለች ደብሪቱ።

ከዚያ በቀጥታ ቄራ ሄደች። ከወንድሟ ጋር ሥጋ ቤት የምትሠራው ዙለይካ ሻሽን ልትወስድ ልምምዷን የጀመረች ልጅ ናት። ጥያቄውን ስትሰማ ሳቀች።

«እኛ በእናንተ ጾም መቼ ዘግተን እናውቃለን? መምህር ጾሙ ከገባ ጀምሮ አንድ ቀን አልቀሩም። በጾም ሳንባ ይዘው እንዳይታዩ ጋዜጣ ጠቅልለው፣ በጥቁር ፌስታል! ዓርብም አስቀምጬላቸው ነበር፤ እሳቸው ናቸው የቀሩት።» ሳቋ ቆመ። «ምነው፣ ምን ሆነ?»

ማክሰኞ አሥር ሰዓት ላይ ማሚት፣ አጥናፉ፣ መምህርና ዙለይካ በድመቶቹ ክፍል ተሰበሰቡ። አጥናፉ በሩን ይዞ ቆሟል። ማሚት ልብሷን በፌስታል ቋጥራ መጥታለች፤ እንደምትታሰር አልተጠራጠረችም። ውጭ አንድ ወጣት ፖሊስ ይጠብቃል።

«የሰው ኢንሱሊን ከድመቶቹ ይበረታል፤» ብላ ጀመረች ደብሪቱ። «በአንድ ሚሊ ሊትር የሰው መቶ ዩኒት ነው፣ የድመቶቹ አርባ። መርፌያቸውም ለየብቻ ነው፤ ቀዩ የድመቶቹ ነው። ሲስተር የራሳቸው መድኃኒት አልቆ ሲያገኙት ከድመቶቹ ጠርሙስ፣ በድመቶቹ መርፌ፣ የዘወትር ልካቸውን ቀዱ። ሥራቸው ነው፤ አልተሳሳቱም። ቁርሳቸውንም በልተዋል። ታዲያ ምን ገደላቸው?»

ጠርሙሱን ከቦርሳዋ አውጥታ ፊታቸው አስቀመጠች።

«የቀረው ጠርሙሱ ነው። ላቦራቶሪ አስመረመርኩት። ጽሑፉ አርባ ይላል፣ ውስጡ ያለው መቶ ነው። ሃያ አራት የወሰዱ መስሏቸው ስድሳ ወስደዋል። አንድ ሰው የድመቶቹን መድኃኒት አሸዋው ላይ ደፍቶ፣ ከሲስተር ጠርሙስ ቀድቶ ሞላበት። የሲስተር ጠርሙስ ባዶ የቀረው ለዚህ ነው።»

«ይኸው!» ብሎ ጮኸ አጥናፉ። «ማሚት ናት አላልኩም?»

«ቆይ። ይህ ሰው ሲስተርን ሊገድል አላሰበም። ትርፍ ጠርሙስ እንዳላቸው ያውቃል፤ ረቡዕ ለሰው መስጠታቸውን ግን አልሰማም። ሊገድል የፈለገው ድመቶቹን ነው። እነሱ ካለቁ ሲስተር ቤቱን ይለቃሉ። መርፌ የሚፈራ ሰው ይህን አይሠራም፤ አጥናፉ ከተጠርጣሪነት ወጣ። ማሚትም ዓርብ ማታ እኔ ፊት ከዚያው ጠርሙስ ልትቀዳ ነበር። አክስቷን እንደገደለ ብታውቅ፣ እንኳን ልትቀዳ አትነካውም ነበር።»

ደብሪቱ አስነጠሰችና ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«ድመቶቹ ለምን ተረፉ? ስላልበሉ። ለምን አልበሉም? ሳንባው ስላልመጣ። ጾሙን ሙሉ ሳይቀር የመጣ ሳንባ፣ መርፌው ገዳይ በሆነባት በዚያች ጠዋት ብቻ ቀረ። ያልበላ እንደማይወጋ የሚያውቅ፣ ያን ቀንም መወጋት እንደሌለባቸው የሚያውቅ ሰው ነው ያስቀረው። መምህር፣ የዙለይካ ሥጋ ቤት ዝግ አልነበረም።»

ዙለይካ አንገቷን ደፋች። መምህር ወልደአማኑኤል የሸሚዛቸውን ቁልፍ ነካ ነካ አደረጉ።

«ሐሙስ ማታ፣ ድመቶቹ ከተወጉ በኋላ ነው፤» አሉ በመጨረሻ። «ሲስተር ለቅሶ ልትደርስ እየተጣደፈች ነበር። አሸዋውን አጠጣልኝ ብላኝ ወጣች። ማሚት የማታ ትምህርቷ ላይ ነበረች። ሠራሁት። ቤቴ ገብቼ ግን እንቅልፍ እንቢ አለኝ፤ ባሻ ጭኔ ላይ ነበር እኮ የለመደው። ጠዋት ሳንባውን ካልወሰድኩ አትወጋቸውም፣ ከሰዓት ቅዳሴ ስትሄድ ጠርሙሱን እደፋዋለሁ አልኩ። እሷ ራሷ ትወጋዋለች ብዬ... አላሰብኩም።»

«አውቃለሁ፤» አለች ደብሪቱ። «ግን የሰው ሕይወት ጠፍቷል፤ ማሚትም ስትከሰስ ዝም ብለው አይተዋል።» ደብተሩን ገለጠች። ይህን ክፍል ባታነበው ደስ ባላት ነበር፤ ሆኖም ሟቿ ለእሳቸው ሊነግሩ ያሰቡት ነው። «የሐሙስ ማታው ገጽ ነው። ክፍለ ከተማ ሄጄም አረጋግጫለሁ።»

አነበበች። «ዛሬ ቀን ላይ የቤቱን ርክክብ ፈረምኩ። ምድር ቤት ስለሆነ ዳማን ይዤ እገባለሁ። ሻሽ ዙለይካ ጋ፣ ባሻ ወልደአማኑኤል ጋ። ከእርሱ ጎን መሆኔ ደስ ብሎኛል። ለቅሶው አጣድፎኝ አልነገርኩትም። ነገ ሳንባውን ሲያመጣ እነግረዋለሁ።»

ሽማግሌው እጃቸውን ዘረጉ። ደብተሩን ተቀብለው ራሳቸው አነበቡት።

«እስከ በሩ መጥቼ ነበር፤» አሉ። «ዓርብ ጠዋት። ደህና መሆኗን ብቻ አይቼ ልመለስ ብዬ። ባዶ እጄን ምን ብዬ እገባለሁ አልኩና ተመለስኩ።»

ፖሊሱ ሲገባ ሳይጠየቁ ተነሡ። በሩ ላይ ዞረው፣ «ባሻን ማን ይወስደዋል?» አሉ።

ከሄዱ በኋላ ማሚት ዙለይካ ያመጣችውን ሳንባ ከትፋ ለሦስቱ አከፋፈለች። በልተው እስኪጨርሱ ቆማ ጠበቀች። አዲሱን ጠርሙስ ከገንቦው ስታወጣ አጥናፉ ቀረበ፤ ላብ አጥምቆታል፣ ዓይኗንም ማየት አልቻለም።

«ይቅር በይኝ፤» አለ። ከዚያ አንድ አዲስ ባለ ቀይ ክዳን መርፌ አነሣ። «የባሻን እኔ ልሞክር። እንዴት እንደሚያዝ አሳዪኝ።»

ማሚት እጁን ያዘችና ጣቶቹን አንድ በአንድ አስተካከለችለት።