ሟቹ ያልገባበት ክፍል

ኑ ልጆቼ፣ ወደዚህ ጠጋ በሉ። የማወራችሁ ነገር ደም አለበትና የሚፈራ ካለ አጠገቤ ይቀመጥ።

መርማሪዋ ስትደርስ ሬሳው በአንድ ድርጅት የኮምፒውተር ክፍል ወለል ላይ ተዘርግቷል። ከማሽኖቹ መደርደሪያ የተነቀለ ብረት ጭንቅላቱን ከኋላ አድቅቆታል። በሩ ላይ ደግሞ ሠራተኞቹ ሽማግሌውን ዘበኛ መሬት ጥለው ይረግጡታል። ዘበኛው የሟቹ አጎት ነው፤ አባት የሌለውን ልጅ ያሳደገ። ልብሱ ደም በደም ነበርና ማን ይስማው? የገዛ እህቱ፣ የሟቹ እናት እንኳ ፊቷን አዞረችበት።

መርማሪዋ ሰዎቹን ገፈታትራ አስጣለችው።

«አባባ፣ ደሙ ከየት ነካዎት?»

«ወድቆ አገኘሁት። ልጄ አይደል? አቀፍኩት።»

ሥራ አስኪያጇ ግን ነገሩ ያለቀ ነው አለች። በዚያ ቤት ማን የትኛውን በር በካርዱ እንደከፈተ፣ ማሽኖቹ ምን እንደሠሩ፣ ሁሉም ሎግ በሚሉት መዝገብ ይጻፋል፤ መስመሩ ተቆጥሮ አያልቅም። ያን አንብቦ ሪፖርት የሚያወጣውን ፕሮግራም ሟቹና ባልደረባው አሻሽለውት፣ ግማሽ ቀን ይፈጅ የነበረው ሥራ ዓይን ጨፍነው እስኪገልጡ ያልቃል። ባልደረባውን «መብረቅ» የሚሉትም ለዚሁ ነው። በሪፖርቱ መሠረት በዚያ ቀን ወደ ክፍሉ የገባው ዘበኛው ብቻ ነው።

መርማሪዋ ሪፖርቱን አየች፤ ዞር ብላ ሬሳውን አየች። ከዚያ መብረቅን እንዴት እንዲህ እንዳፈጠኑት ጠየቀችው። ዓይኑ በለቅሶ ቢቀላም ሥራው ሲነሣ ፊቱ በራ።

«የማይረባውን መስመር እንዲዘለው አደረግነው።»

«የማይረባው የቱ ነው?»

«ያው… ድግግሞሹ» አለና ፊቱን ወደ ማሽኖቹ አዞረ።

አመሻሹ ላይ ሁሉንም በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ሰበሰበቻቸው። ብረቱ መሐል ላይ ተቀምጧል፤ ፖሊሶች በሩን ይዘዋል።

«ሟቹ እዚያ ክፍል ውስጥ ሞቷል» አለች። «በሪፖርቱ ግን ጭራሽ አልገባም። በጣሪያ ወረደ እንዴ?»

ሥራ አስኪያጇ ወረቀቱን ስባ መስመር በመስመር አየችው።

«ፕሮግራሙ የማንን ካርድ ነው የሚዘለው?» አለቻት መርማሪዋ።

«የሟቹንና የመብረቅን» አለች ሥራ አስኪያጇ በለሆሳስ። «ለሙከራ ሲመላለሱ ስለሚውሉ እኔው ፈቀድኩላቸው፤ ረስቼው ነው። ዛሬ ጠዋት ሟቹ መዝለሉ ይቅር ብሎኝ ነበር። ከማሽኖቹ ውስጥ መረጃ የሚቀመጥበት ዲስክ እየጠፋ ነው አለኝ። መብረቅም አጠገባችን ነበር።»

«መዝለል መሰረዝ አይደለም» አለች መርማሪዋ። ዋናውን መዝገብ በአሮጌው፣ በቀርፋፋው ፕሮግራም አስነብባው ነበር። መብረቅ ከሟቹ ኋላ ገብቶ ብቻውን ወጥቷል፤ ዘበኛው የገባው ከዚያ በኋላ ነው። በእረፍት ቀናትም፣ ሕንፃው ባዶ ሲሆን፣ መብረቅ ለብቻው ሲገባ ሲወጣ ከርሟል፤ ዲስኮቹን የሚሰርቀው እርሱ ነበር።

መብረቅ ብረቱን አፈፍ አድርጎ ወደ መርማሪዋ ሰነዘረ። ዘበኛው ክንዱን መሐል አስገባ። አጥንቱ ቀጭ ሲል ሁሉም ሰሙ፤ እርሱ ግን ፖሊሶቹ ገዳዩን አንቀው እስኪጥሉት ድረስ በደህና እጁ ጨምድዶ ያዘው።

እህቱ ተንበርክካ ከንፈሩ ላይ የደረቀውን ደም በሻርፗ ጠረገችለት።

«ወንድም ዓለሜ፣ አንተን ልጠረጥር ምን ዓይነት ልብ ነው እግዜር የሰጠኝ?»

«ተይው» አላት። «ብቻውን አልሞተም፤ ትንፋሹ ያለቀው እቅፌ ውስጥ ነው።»

እንግዲህ ልጆቼ፣ ብዙ ሰው አንዱን ከቦ ሲረግጥ ያያችሁ ቀን፣ እግራችሁን ከማንሣታችሁ በፊት ያን ሽማግሌ አስታውሱልኝ። አደራ።